በዲናሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት

ሂላሩስ በሮም ገንዘብ ማምረቻ ቤት ዲናር የሚመታበትን ብረት የሚቀርጽ፣ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ነበር። እጁ የተመሰገነ ነው፤ አፉ ግን ይዋሻል። ለባልደረቦቹም ለጎረቤቶቹም «እኔ እዚሁ ሮም፣ ጌታዬ ቤት የተወለድኩ ነኝ» ይላል እንጂ፣ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ በምርኮ የመጣ መሆኑን አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እናቱ ዚያ ይህን ያህል ዘመን በከተማዋ ኖራ ወንበር አልለመደችም፤ መሬት ላይ ነው የምትቀመጠው። ሰው ሲመጣ ጓዳ እንድትገባ የሚለምናትም ለዚሁ ነው። እሺ ብላ ትገባለታለች።

ንጉሠ ነገሥቱ የእናትየውን አገር ዳኪያን ድል ሲያደርግ አዲስ ዲናር ታዘዘ። በአንድ በኩል የእሱ መልክ፣ በሌላው በኩል በተማረከ ጋሻና ጦር ሥር የምታለቅስ የዳኪያ ሴት። ሂላሩስ ሁለት ጊዜ ቀረጸ፣ ሁለቱንም ጊዜ አለቃው ኒኬፎሩስ መለሰበት።

«ይቺ የጠፋባት አገሯ ነው ዶሮዋ?» አለው፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው ሲያዝን አይተህ አታውቅም?»

ሳቁበት። ሂላሩስ ቤቱ ሲገባ፣ እናቱ ባቄላ ስትፈለፍል ደክሟት እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ መሬት ቁጭ ብላለች። ተነሺ ሊላት አፉን ከፈተና ዘጋው። በሩ ላይ እንደቆመ የጀርባዋን ጉብጠት፣ የክርኗን ማረፊያ፣ የሻሿን እጥፋት በዓይኑ ለካ። ዓይኗ ስለደከመ አላየችውም። ሌባ እንኳ ከእናቱ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይሰርቅም።

ሦስተኛው ቅርጽ አለፈ። «እጅህን ቁርጥማት አይንካው!» አለ ኒኬፎሩስ። «ከየት አመጣሃት?»

«ከራሴ።»

የድሉ በዓል ቀን ዲናሩ ለሕዝብ ተበተነ። ጎረቤታቸው ፕሪማ፣ ሽምብራ ሻጯ፣ አንድ ቀልባ እየሮጠች መጣች።

«እማማ ዚያ! የልጅዎን ሥራ ይንኩት እንጂ!»

ዚያ ሳንቲሙን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ከዚያም በአውራ ጣቷ ቀስ እያለች ዳበሰችው። ሂላሩስ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

«ይቺ የተቀመጠችው ማን ናት?»

«እንዲያው ምስል ናት፣ እማዬ።»

«ምን ምስል! ምርኮኛ ናት እንጂ» አለች ፕሪማ እየሳቀች። «ይዩዋት እንዴት እንደተኮራመተች!»

ዚያ አልሳቀችም። ጣቷ ከሴቲቱ ጭን ላይ አልነሳ አለ።

«አቀማመጧን አውቀህበታል፣ ልጄ» አለች። «ሲማርኩን እንዲሁ ነበር የተቀመጥኩት። ልጁን ግን ረስተኸዋል። አንተ እዚህ ጭኔ ላይ ተኝተህ ነበር።»

ፕሪማ ሳቋን አቋርጣ ዞራ አየችው። ሂላሩስ እሷንም ሆነ እናቱን ቀና ብሎ የሚያይበት ዓይን አጣ።