እትዬ አውሱኝና የቤት ሰዋቸው

መጋቢት ዘጠኝ፣ ማክሰኞ። በኩሽናው ጠረጴዛ ላይ፣ በሰፊ ትሪ፣ ግማሹ ተለቅሞ ግማሹ ያልተለቀመ ምስር ቀርቷል። የተለቀመው በግራ፣ ያልተለቀመው በቀኝ በኩል ነው። መሐሉ ላይ በጣት የተሰመረ ባዶ መንገድ አለ። ጠጠሮቹ በትንሽ ሳህን ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ መነጽሩም እግሩን ዘርግቶ ከትሪው አጠገብ ተኝቷል። እትዬ አውሱኝ «ጎኔን ትንሽ ላሳርፍ» ብለው ወደ መኝታ ቤት የገቡት ይህን ትተው ነው። አልተነሡም።

ምራታቸው ትሪውን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ለማጽናናት የመጣው ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ጠረጴዛው ሲፈለግ፣ አንዷ ጎረቤት «ይሄን ነገር ላንሳው እንዴ?» ስትል፣ «ተዪው» ትላለች።

ይህች ምራት በቤቱ ሙሽሪት ትባላለች። ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ የበኩር ልጇ የወተት ጥርሱን ጨርሶ ነቅሏል። እሷ ግን ዛሬም ሙሽሪት ናት። ስም ሲወጣ በፍቅር ነው የሚወጣው፤ ከወጣ በኋላ ግን ማንም መለስ ብሎ አያየውም።

እትዬ አውሱኝም ቢሆኑ ስማቸው ይህ አልነበረም። በደህናው ዘመን የሆስፒታል አንሶላና የሐኪም ጋዋን ሰፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና ሳሎናቸው መስኮት ሥር አስቀመጡና፣ «ስፌት መማር የምትፈልግ ሴት ትምጣ፤ በነጻ ነው» ብለው በሰፈሩ አስወሩ። ማንም አልመጣም።

ሴቶቹ መማር ጠልተው አልነበረም። ከቤት ለመውጣት ምክንያት ስላጡ ነው። «ስፌት ልማር» የምትል ሚስት ባሏ «ምን ጎደለሽ?» ይላታል፤ አማቷ «ልጆቹንስ ለማን ትተሽ?» ትላታለች። የገዛ ዕቃዋን ልታመጣ የምትሄድን ሴት ግን የሚከለክል የለም። እትዬ ይህን ሲረዱ መዋስ ጀመሩ።

መጀመሪያ የሄዱት ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ቤት ነው። «እስቲ ወንፊት አውሱኝ፤ እመልሳለሁ» አሉ። አልመለሱም። ሰንበት ሲል ጎሚስታው ራሱ ሚስቱ ላይ ጮኸ፦ «ሂጂና ወንፊታችንን አምጪ! ሴትዮዋ ልትወርሰው ነው እንዴ?»

ሚስትየው መጣች። እትዬ ወንፊቱን ፍለጋ ጓዳ ገብተው ቆዩ፤ ሆን ብለው ነው የቆዩት። ሴትዮዋ መኪናዋን አየቻት፣ ነካ አደረገቻት፣ ከዚያም ዙሪያዋን ቃኝታ ፔዳሉን ረገጥ አደረገች። እትዬ ባዶ እጃቸውን ወጥተው፣ «ምን ላድርግሽ፣ የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋብኝ፤ ነገ ተመለሺ» አሏት።

ነገም ጠፋ። ከነገ ወዲያም ጠፋ። ጎሚስታው በሚስቱ እጅ የተሰፋ ሱሪ ሲለብስ ወንፊቱን ጭራሽ ረሳው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ጭልፋ፣ በሰው መጥረጊያ፣ በሰው ካውያ ተሞላ። አንድ ጊዜ መሰላል ሳይቀር ተውሰዋል። የሰፈሩ ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩዋቸው «አውሱኝ መጡ! ዕቃ ደብቁ!» ብለው ይሮጣሉ። ሴቶቹ ግን አይደብቁም። እንዲያውም አንዳንዷ የሚወሰድ ነገር በሩ ላይ አዘጋጅታ ትጠብቃቸው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤተሰቡ በሙሉ ገባበት። የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩት ባላቸው በረንዳውን በቆርቆሮ ከድነው ክፍል አደረጉት። መካኒኩ ልጃቸው የስፌት መኪኖቹን ይጠግናል። ቢሮ የምትሠራው ልጃቸው ወረቀቱን ጨርሳ በሕግ አስመዘገበችው። በወረቀት በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ለሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ «እነ አውሱኝ ቤት» ነው። ተምረው የወጡት ሴቶች ተሰባስበው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ልጅ ይገባበት የነበረውን ክፍት ቦይ ያስከደኑትም እነሱ ናቸው።

ምሳው የመጣው አንዲት ተማሪ መኪናው ላይ ራሷን ስታ ከወደቀች በኋላ ነው። ቁርስ አልበላችም ነበር። እትዬ «ባዶ ሆድ መርፌ አይዝም» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ድስት አስጣዱ። ሙሽሪት አዲስ ተድራ ስትመጣ የምታበስለዋ ሴት ታማ ቀርታ ነበር። «ለዛሬ ብቻ» ብላ ሽርጥ ታጠቀች። ሾርባው ጣፈጠ፤ ተመሰገነች። በማግስቱ ማንም ሳይጠይቃት ሽርጡ በሩ ላይ ተሰቅሎ ጠበቃት።

ሙሽሪት ማብሰል አትጠላም። የሚያንገበግባት ሌላ ነው። የኩሽናው መስኮት ወደ በረንዳው ያሳያል። እዚያ ሴቶቹ ጨርቅ ላይ በጠመኔ አስምረው ይቀዳሉ፣ ይሰፋሉ፣ ሰፍተው ሲጨርሱ ብድግ አድርገው ወደ ብርሃኑ ያዩታል። ነገም ያ ቀሚስ አለ፤ ከነገ ወዲያም መንገድ ላይ ሰው ለብሶት ያልፋል። እሷ ጠዋት ሙሉ የሠራችው ግን ቀትር ላይ ተበልቶ ያልቃል፤ የሚተርፋት የሚታጠብ ድስት ነው። አንድ ቀን እንኳ የማያልቅ ነገር በእጇ ሠርታ ማየት ትፈልጋለች። ይህን ለማን ትናገር? ምን ጎደለብኝ ልትል ነው?

አንድ ቀን ከረጂ ድርጅት አንዲት እንግዳ መጣች። በየመኪናው እየዞረች «አንቺ እዚህ ምን ተማርሽ?» እያለች ሁሉንም ጠየቀች። አንዷ እጅጌ አለች፣ አንዷ ኮሌታ፣ የጎሚስታው ሚስት ደግሞ «ባሌን ዝም ማሰኘት» ብላ በረንዳውን በሳቅ ሞላችው። እንግዳዋ ዞራ ዞራ ጭልፋ ይዛ ከቆመችው ከሙሽሪት ፊት ደረሰች።

«አንቺስ?»

ሙሽሪት አፏን ከፈተች። እትዬ አውሱኝ ቀደሟትና ትከሻዋን አቅፈው «እሷማ የቤት ሰው ናት!» አሉ።

ይህን ያሉት በኩራት ነው፣ ከልባቸው። እንግዳዋም ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለዋ አለፈች። ሙሽሪት ያን ቀን ድስቶቹን ከወትሮው አጥብቃ ፈተገቻቸው።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት አማትና ምራት ድንች እየላጡ ሳለ ሙሽሪት ቀና ሳትል ተናገረች።

«እማዬ።»

«ወይ።»

«አንድ ነገር ያውሱኝ።»

እትዬ ሳቁ። «ደግሞ አንቺም ጀመርሽ! በገዛ ቤትሽ ምን ጎደለሽ?»

«ማክሰኞን ነው።»

«ማክሰኞን?»

«ጠዋቱን ብቻ። ቅድ የሚማሩበትን። ከሰዓት መልሼ ድስቱን አጥባለሁ።»

እትዬ የያዙትን ድንች ልጠው ጨረሱ። ሌላ አነሡ፤ ሳይልጡት መልሰው አስቀመጡት።

«አሁን ምንድን ነው ያልኩሽ?» አሉ። «‹ምን ጎደለሽ› አልኩሽ አይደል? ይሄ እኮ የእነ ጎሚስታው አፍ ነው።»

«ምንም አይደለም እማዬ።»

«እንዴት ምንም አይደለም! ስንት ዓመትሽ ነው እዚህ ኩሽና?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አንድ ዓመት! አንቺ እዚህ ቆመሽ፣ እኔ የሰው ሚስት ከቤት ላወጣ በየደጁ ወንፊት ስሰርቅ!»

«አልሰረቁም፤ ተውሰው ነው።»

«ዝም በይ፣ አታጽናኚኝ።» ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ሽንኩርት ቢሆን እንኳ ባሳበብኩ። ድንች ነው የምንልጠው፤ ምን ብዬ ላሳብብ።» ከዚያ ጉንጯን ያዝ አድርገው፣ «ማክሰኞ ያንቺ ነው፤ ልመልስ ብትዪ ግን እንጣላለን» አሏት።

ራት ላይ መካኒኩ ባሏ ነገሩን ሰማና ኩርፍ አለ። «እናቴን በዚህ ዕድሜዋ ኩሽና ልታስገቢ? ሰው ምን ይላል?»

መልሱን የያዙት እናቱ ነበሩ። «ሰውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ግማሽ ዕቃው እኔ ጋ ነው፤ ምንም አይልም። አንተ ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ድስት አጣቢ ነህ።»

«እኔስ?» አሉ ሹፌሩ ባላቸው፣ ከመሳቃቸው በፊት ተራቸው ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ።

«አንተ ጎመን ትቆርጣለህ።»

«በስንተኛ ማርሽ?»

«በቀስታ። ጣትህን እንዳትቆርጥብን።»

የመጀመሪያው ማክሰኞ ግን ለሁሉም ክፉ ቀን ሆነ። ሾርባው ጨው በዛበት። ጎመኑ ግማሹ ጥሬ፣ ግማሹ አሮ ቀረበ። ተማሪዎቹ አንድ ጊዜ ቀምሰው ዳቦአቸውን ደረቁን በሉ። በረንዳው ላይ ደግሞ ሙሽሪት የመጀመሪያ ጨርቋን ቀደደች። በጥንቃቄ አስምራ፣ ትንፋሿን ይዛ ነበር የቀደደችው። ቅድ የምታስተምረዋ ሴት ሁለቱን እጅጌዎች አጋጥማ ስታያቸው ሁለቱም የግራ ናቸው።

«ሙሽሪት፣ ደንበኛሽ ቀኝ እጅ የለውም እንዴ?» አለች የጎሚስታው ሚስት። ሁሉም ሳቁ። ሙሽሪትም ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።

ቢሮ የምትሠራው ልጅ እትዬን ለብቻቸው አግኝታ «እማዬ፣ ሰዎቹ ሳይበሉ ሄዱ። ጨርቁም ተበላሸ። ሙሽሪትን ወደ ቦታዋ ብንመልሳትስ?» አለቻቸው። ክፋት አልነበረባትም፤ ሥራው እንዳይበላሽ ብላ ነው።

ሙሽሪት ከበሩ ጀርባ ሆና ሰምታለች። ገባችና ሽርጡን ከምስማሩ አውርዳ ታጠቀች። «ልክ ናት፤ እኔ ይሄው ይሻለኛል» አለች።

እትዬ አውሱኝ ከኋላዋ ሄደው ቋጠሮውን ፈቱት። ለመፍታት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ጣታቸው እንደ ድሮው አይታዘዝም። ሽርጡን ራሳቸው ታጠቁና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ቦታዋ የት ነው? ማን ነው ቦታዋን ያወጣላት? እኔ ነኝ። እኔው ተሳሳትኩ። አንቺ ገና መኪና ስትነኪ የራስሽን ጣት ሰፍተሽ አይደል እንዴ? ያኔ ‹ወደ ቦታሽ› ያለሽ አለ?»

«የለም።»

«በቃ። ሾርባው ይለመዳል።»

ሾርባው ወዲያው አልተለመደም። እትዬ ግን የሙሽሪት ተማሪ ሆኑ። ሰኞ ከሰዓት ምድጃው አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጡና ይጠይቃሉ። ጨው መቼ ይገባል? ጎመኑ ስንት ጊዜ ይገላበጣል? ውኃው ሲያንስ ቀዝቃዛ ይጨመራል ወይስ የፈላ? ሙሽሪት መጀመሪያ አማቷን ማስተማር አሳፍሯት ነበር። ሲውል ሲያድር ግን፣ «እማዬ፣ ጨው ላይ እጅዎ ከበደ እኮ!» እያለች ጭልፋውን ከእጃቸው እስከ መቀበል ደረሰች። እሳቸውም «አቤት አስተማሪ! ቁጣሽስ» እያሉ በደስታ ይሰጧታል። ባሏም እያጉረመረመ ድስት አጠበ። ማጉረምረሙን ሲያቆም ማጠቡን ቀጠለ።

ጎረቤቶች እትዬ ልባቸው እንደደከመ የገባቸው አሁን፣ መለስ ብለው ሲያስቡ ነው። ደረጃ ላይ ይቆሙ ነበር። «ማን መጣ?» የሚሉ ይመስሉና ወደ ኋላ ያያሉ፤ ለካ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው።

መጋቢት ዘጠኝ፣ በዚያች ማክሰኞ ጠዋት ሙሽሪት የመጀመሪያ ሙሉ ሸሚዟን ልትጨርስ ኮሌታው ብቻ ቀርቷት ነበር። ሸሚዙ ለማንም ደንበኛ አይደለም፤ የበኩር ልጇ ትምህርት ቤት የሚለብሰው ነው። ኮሌታ ደግሞ ለጀማሪ ጭንቅ ነው። በመርፌ አያይዛ ገና መኪናው ላይ ስታስቀምጠው ከኩሽና «ቲማቲም አልቋል» የሚል የእትዬን ድምፅ ሰማች። በልማድ ብድግ አለች።

«እኔ ልሂድ እማዬ።»

እትዬ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «የት ነው የምትሄጂው? ቁጭ በይ! ኮሌታው ቢጣመም ልጁ ትምህርት ቤት እኔን ነው የሚያማኝ።»

ቅርጫታቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሙሽሪት የነገረቻት አትክልት ሻጯ ናት። ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ግድግዳ ይዘው ቆሙ። ከዚያ መጡና እንደ ወትሮው አንድ በአንድ እየጨበጡ መረጡ።

«አይጭመቁብኝ እትዬ፤ የሕፃን ጉንጭ አይደለም» አለች ሻጯ።

«ለሾርባ ነው፤ የበሰለ ነው የምፈልገው።»

«ምነው ዛሬ እርስዎ ራስዎ? ምራትዎ ደህና አይደለችም?»

እትዬ ቀና አሉ። ሻጯ እንዳለችው፣ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ያላት እናት እንኳ እንደዚያ ኮርታ አትመልስም።

«ትምህርት ላይ ናት» አሉ። «ሥራ ይዛለች፤ ዛሬ አይመቻትም።»

ሻጯ አንድ ቲማቲም መረቀችላቸው። ሒሳባቸውን ከፈሉ። ቅርጫቱን በግራ እጃቸው ይዘው በጥላው በኩል፣ ቀስ እያሉ ተመለሱ። በበረንዳው ሲያልፉ መኪናው እየሠራ ነበርና ሙሽሪት አላየቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠሯትም። ኩሽና ገቡ፤ ቲማቲሙን በውኃ አለቀለቁ። አንዱ መንገድ ላይ ፈርጦ ነበር፤ እሱን ለብቻው ከድስቱ አጠገብ አስቀመጡት። ሌላውን ሰፌድ ላይ ደረደሩት፣ ቅርጫቱን አራግፈው ሰቀሉት፣ እጃቸውን ታጠቡ። ከዚያም መነጽራቸውን አድርገው የምስሩን ትሪ ወደ ራሳቸው ሳቡ።