ክቡ አምስት

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ መናኸሪያ አጠገብ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጠራኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የዐረብ ቁጥር ያውቃሉ ይባላል፤ እስቲ ይችን ስልክ ይዩልኝ» አለ። ስልኳ ከሱዳን በኩል የመጣች ናት። ጓደኛው ሲነካካት ቋንቋዋ ተለውጦ ሰዓቱም ቀኑም በዐረብኛ ሆኖበታል። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ከሰዓቱ ጫፍ ላይ ሁለት ትናንሽ ክቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጁ «ዜሮ ዜሮ ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም፣ ሃምሳ አምስት ነው ልለው አልኩና ትቼው ቋንቋ መለወጫዋን መፈለግ ጀመርኩ።

እንደምንም ቋንቋውን መለስኩለት። እሱም «ሙቀቱ ነው መሰል፣ ላብ አጠመቀዎት» እያለ እስከ ቤቴ ድረስ አደረሰኝ። የዚህን አገር ሙቀት ለምጄዋለሁ፣ ስወለድም ያገኘሁት እሱን ነው። ያላበኝ ከአርባ ዓመት ገደማ በፊት ጽፌ ያስረከብኩት አንድ ወረቀት ነው።

ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ። ከኮኪት ወጣ ብሎ በነበረ የመንግሥት እርሻ፣ በትራክተር ጣቢያው ነዳጅ እቀዳ ነበር፤ ያውም በጊዜያዊነት። አሥራ ሁለተኛን ጎንደር ዘመድ ቤት ተቀምጬ ጨርሼ፣ በሒሳብ ወድቄ ነው የተመለስኩት። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ደብዳቤ ከላከ በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ያችኑ አንድ ደብዳቤ በየሰንበቱ ታስነብበኝ ነበር። እኔ ሳነብ እሷ የምታየው ወረቀቱን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ተረኛው እኔ መሆኔን ሁለታችንም እናውቃለን፣ ግን አንነጋገርበትም።

ሚያዝያ ላይ በዚያ ቆላ ከቀኑ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብረት አይነካም። መሬት ላይ የተረሳ መፍቻ ያነሳ ሰው መዳፉ ይላጣል። ስለዚህ ጣቢያው በሙሉ ኒም ዛፍ ሥር ይጋደማል። እኔ ደግሞ የቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንደሚባለው፣ ያቺ የሦስት ሰዓት ዕረፍት ናት ጉድ ያመጣችብኝ።

በዚያው ሰሞን ኢድሪስ መጣ። ኢድሪስ ለእርሻው አልፎ አልፎ ዕቃ የሚያመላልስ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። መሪ ከመጨበጡ በፊት ልጆች ያስተምር ነበር፤ አማርኛው ስብርብር ቢሆንም አያፍርበትም። ከመኪናው መሳቢያ ለልጁ የገዛትን አንዲት ዕቃ አውጥቶ አሳየኝ። ሁለት የክብሪት ቀፎ ጎን ለጎን ቢቀመጥ ታክላለች፣ ፊቷ መስታወት ነው። መስታወቱ ውስጥ አንድ ትንሽ ጥቁር ሰውዬ ከላይ የሚወርዱ ኳሶችን ይቀልባል። በሁለት ቁልፍ ግራና ቀኝ ታስኬደዋለህ። ኳሶቹ እየፈጠኑ፣ እየፈጠኑ ይመጡና ታመልጥሃለች አንዷ። ሲያመልጠኝ ያናደደኝ መናደድ! ወዲያው እንደገና መጀመር አማረኝ።

«ማን ነው የሠራት?» አልኩት።

«ኢንጂነር።»

«በምን?»

ጣቱን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ደ ኩሉ ሒሳብ፣ ያ ወለድ! ይኼ ሁሉ ሒሳብ ነው፣ አንተ ልጅ» አለኝ። ቃሉ በሁለታችንም ቋንቋ አንድ ነው። እኔን የጣለኝም ያው ቃል ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታ ፈጣሪ እሆናለሁ አልኩ። ኤሌክትሪክ በሌለበት፣ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ለመፈለግ የአንድ ቀን መንገድ በሚኬድበት አገር ይህን ማሰብ እብደት ነው። እብደቱን ግን ወደድኩት። የኔ ጨዋታ የሰሊጥ ነበር። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ ይደርቃል። ቸኩለህ ካራገፍከው ፍሬው አይለቅህም፤ ከዘገየህ ነፋስ መሬት ላይ ይዘራዋል። በዘይት ማጣሪያ ካርቶን ላይ ማሳ ሣልኩ፣ የኩሽኔታ ብዮችን ነዶ አደረግሁ፣ ስድስት ገጽ ያላት እንጨት ጠርቤ ነጥብ ነጥብ አደረግሁባት። እሷ ነፋሱ ናት። አንድ ቀን መስታወት ውስጥ እንደማስገባው አልተጠራጠርኩም።

መጀመሪያ ያስሞከርኩት አንድ ከጎጃም ለሥራ የመጣ ጎልማሳ ነው። አራት ጊዜ ተጫውቶ አራት ጊዜ ሰሊጡ ፈሰሰበት። ካርቶኑን ገፋ አደረገና «ኧረ ወዲያ! ሰው ሁልጊዜ የሚሸነፍበት፤ ይኸ ጨዋታ ነው ወይስ ቀበሌ?» አለ። ዙሪያችንን ካየን በኋላ ሳቅን። ነገሩ ግን ልክ ነበር። ነፋሱ ስንቴ ቢነፍስ ነው ሰው ለጥቂት ተሸንፎ እንደገና ልሞክር የሚለው? በግምት ሞከርኩ፣ አልሆነም። ግምት የማይደርስበት ቦታ ላይ ያ የጣለኝ ትምህርት ቆሞ ይጠብቀኛል።

ሰኔ ገባ። የአገራችን ዋልካ ዝናብ ሲጠጣ ጎማ አይደለም ሰው ይውጣል። የኢድሪስ መኪና ከጣቢያው በር ፊት ለፊት ጎማዋ እስኪሸፈን ሰመጠችና ክረምቱን እዚያው ከረመች። እሱም አብሯት። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሥራ ሲያስቆመን የመኪናው ሸራ ሥር እገባለሁ፤ እሱ ወይካ የሚሉት የደረቀ ባሚያ ዱቄት የበዛበት ወጡን በማሽላ ገንፎ ያቀርባል፣ ከዚያ ድሮ ያስተምርበት የነበረውን መጽሐፍ ይዘረጋል። የእነሱ ሒሳብ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። እኛ ኤክስ የምንለውን የማይታወቅ ቁጥር እነሱ ሦስት ጥርስ ባላት ፊደል ይጽፉታል። ቁጥሩን እንኳ ሳላውቀው አልቀረሁም፤ የመተማ ልጅ የሱዳንን ቁጥር ከመኪና ሰሌዳ ላይ ያነበዋል። አምስታቸው ክብ ናት፤ ዜሯቸው ነጥብ ብቻ።

ጎንደር ላይ አስተማሪዎቼ ያላስገቡልኝን ይህ ሰው ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ አስገባልኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ምናልባት ቁጥሩ ሌላ፣ አቅጣጫው ሌላ ስለነበረ የድሮው ፍርሃቴ መንገዱ ጠፍቶበት ይሆናል። ስሳሳት «ላ፣ ላ!» ብሎ በማንኪያው ጉልበቴን ይመታኛል። ነሐሴ ላይ እጄ ከቀኝ ወደ ግራ ካልሆነ አላስብም አለች። የነፋሱንም ነገር አገኘሁት፤ ከሦስት ጨዋታ አንዱን ሰው እንዲያሸንፍ አድርጌ አስተካከልኩት። ለአረም የቀረው ያ ጎጃሜ ሦስተኛው ላይ አሸነፈና ተነሥቶ ጨፈረ። «እንደገና ደርድራት!» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ዝናቡ ሳሳ ሲል ገንዳ ውሃ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጎንደር የሬዲዮና የኤሌክትሮኒክስ ሥልጠና ሊሰጥ ነው፤ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሁሉ መፈተን ይችላል፤ ፈተናው ሒሳብ ብቻ። ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደግሞ በዚያው ሳምንት ቤታችን መጣ። «እናት፣ ልጅዎ ሰሊጡ እስኪነሳ የተማሪነት ወረቀት ካመጣ ተማሪ ነው፤ ካላመጣ ያው ዘማች ነው» አላት። እናቴ ቆማ ሸኘችው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ «እመቤቴ ማርያም፣ አንዱን ወስደሽብኛል፤ ይኼን ተይልኝ። ጃንጥላ አገባልሻለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ልመና ብቻ አልነበረም፣ ቁጣም ነበረበት።

ጎንደር የደረስኩት በጭነት መኪና ላይ፣ እስከ ቅንድቤ ጭቃ ተረጭቼ ነው። ደጋው በረደኝ። እናቴ የቋጠረችልኝን በሶ በጥብጬ ጠጥቼ ገባሁ። ጥያቄው ሃያ ነበር። አንድ ማሰቢያ ወረቀት፣ አንድ ንጹሕ ወረቀት ሰጡን። ማሰቢያው ላይ እጄ በለመደችው መንገድ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ በኢድሪስ ቁጥር ወረደች። ሃያውንም ሠራሁ። ዓይኔን አላመንኩም፤ ዙሪያዬ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ እኔ ሳቄን እይዛለሁ። ተቆጣጣሪው «ሩብ ሰዓት ቀርቷችኋል! የምንሰበስበው ንጹሑን ነው» ሲል ደንግጬ መልሶቹን መገልበጥ ጀመርኩ። በደቂቃ ውስጥ ጨርሼ፣ ማሰቢያዬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ኮኪት ስደርስ መሬቱ ጠንክሯል፣ ኢድሪስ መኪናውን አስነሥቶ ሊሄድ ነው። ማሰቢያ ወረቀቱን ሰጠሁት። እየተራመደ ጮክ ብሎ አነበበው። «ዋሒድ፣ አንደኛው... ትክክል። ሁለተኛው፣ ትክክል። ሦስተኛው፣ ኸምሳ፤ ትክክል! አምስት። አራተኛው፣ ኸምሳታሸር፤ አሥራ አምስት። ማብሩክ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ ያ ወለድ!»

እሱ «ኸምሳ» ሲል ተጠግቼ ወረቀቱ ላይ ያለችውን ክብ አየኋት። ሁለትን፣ ሦስትን፣ ሰባትን ስገለብጥ መልካቸው ስለሚለይ ዓይኔ ወደ እኛ ቁጥር መልሷቸዋል። ክቧን ግን እንዳለች ነው ያስቀመጥኳት። አምስቱ ዜሮ፣ አሥራ አምስቱ አሥር፣ ሃያ አምስቱ ሃያ ሆኗል። ሃምሳን ምን ብዬ እንደጻፍኩት እግዜር ይወቅ።

«ኢድሪስ፣ ዜሮ ብዬ ነው ያስገባሁት» አልኩት።

«ሲፍር? ዜሮ? ላ... ላ፣ ያ ወለድ።» ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው ጎማው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እያንዳንዷን ክብ ቆጠርናት። ከሃያው ዘጠኙ ላይ አለች።

በማግስቱ ተመልሼ ጎንደር ሄድኩ። የፈተናውን ጉዳይ የያዘውን ሰውዬ ቢሮው በር ላይ አገኘሁት። «ጓድ፣ መልሱን አውቄዋለሁ፤ ስገለብጥ ነው የተሳሳትኩ። ማሰቢያዬ ይኸው» ብዬ ከኪሴ አወጣሁ። ገና ሳይቀበለኝ ዓይኑ ፊደሉ ላይ ዐረፈ።

«ዐረብኛ ነው? አንተ ከየት ነህ?»

«ከመተማ በኩል።»

«ከድንበር። ይኼን ማን አስተማረህ? ማዶ ማንን ታውቃለህ?»

ድምፁን አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ አደረገው። በዚያን ዘመን ማዶ ሰው ማወቅ ምን ማለት እንደሆነ የቆላ ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚህ ጥያቄ የገባ በሌላ በር ነው የሚወጣ። የኢድሪስ መኪና ገና ድንበሩን አላለፈች ይሆናል። «መጠቅለያ ነው፤ ተሳስቼ ነው ያወጣሁት» አልኩ። ትንሽ አየኝና ሂድ አለኝ። ሒሳብ ማወቄን የሚመሰክርልኝን ያንን ብቸኛ ወረቀት ከቢሮው ጀርባ ቦይ ውስጥ ቀዳድጄ ጣልኩት። እያለቀስኩ ነው የቀደድኩት፤ አላፍርበትም።

ስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ የኔ አልነበረበትም። ለእናቴ ስነግራት አልጮኸችም። ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ «በቃ ልጄ፣ አትዘን። ቁጥር ለእኛ ዘር አልተሰጠም። አባትህም ነፍሱን ይማረውና ከአሥር ጣቱ አያልፍም ነበር» አለችኝ። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አውቀው ነበር እማ፣ ሃያውንም አውቀው ነበር። ግን ፊቷን ሳይ የማይችል ልጅ ማጣትና የሚችል ልጅ በአንዲት ክብ ማጣት እኩል አይደለም አልኩ። ሳልነግራት ቀረሁ። ሰሊጡ በተነሳ በሳምንቱ ወሰዱኝ።

ስለ ጦርነቱ አላወራም፤ ያወሩት በቂ ናቸው። መንግሥት ሲፈርስ በእግሬ ተመልሼ መጣሁ፤ ወንድሜ አልተመለሰም። ኢድሪስን ዳግመኛ አላየሁትም። ጨዋታዬም መስታወት ውስጥ አልገባችም። ከዚያ ወዲህ የኖርኩት የውሃ ፓምፕ በመጠገን ነው፤ እንጀራ አላሳጣኝም። የዛሬ ልጆች በስልካቸው ሲጫወቱ ሳይ አንዳንዴ ነፋሱ በዝቶባቸዋል ወይ አንሶላቸዋል እላለሁ፣ ለራሴ ብቻ።

እናቴ ረጅም ዕድሜ ኖረች። ያረፈችው አምና ነው። በመጨረሻ ሕመሟ ሐኪሙ በቀን ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ፍሬ የሚወሰድ ኪኒን አዝዞላት ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ብልቃጡን ከፍቼ መዳፌ ላይ ልቆጥር ስል እጄን ያዘችው። «ተወው ልጄ፣ ራስህን አታስቸግር» አለችኝ በዚያ በደከመ ድምፅዋ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች። «ለጎረቤታችን ልጅ ስጣት። እሷ ቁጥር ታውቃለች።»

ብልቃጡን ለልጅቷ ሰጠኋት።