ለአራስ ልጅ የሚሆን ፈትል

ወዳጆ ዘመሮ ከተማ ውስጥ ባና፣ ማለት የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠራ ሸማኔ ነው። ፈትል ዳስሶ የበጓን ዕድሜ ይናገራል ይሉታል። ለሌላው ሰው ጠጉር ያው ጠጉር ነው፤ ለእሱ ግን ለስላሳው፣ ሻካራው፣ ኮስኳሳው፣ ጎርበጥባጣው ሁሉ ለየቅል ነው። ካልጣመው ፈትሉን ለባለቤቱ ይመልሳል። ለአራስ ልጅ የሚሆን ባና ከሆነማ፣ ንጉሥ ቢለምነው ከጠቦት ጠጉር በቀር አይሠራም። እንዲህ ያለ ግትር ነው፤ ገበያተኛውም የሚመጣው ለዚሁ ግትርነቱ ነው።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ጣቶቹ ደነዘዙ። መጀመሪያ የጓሳ ተራራ ብርድ ነው ብሎ ናቀው። ኋላ ግን ክንዱ ላይ የነጣ ቦታ ወጣ፤ ቢቆነጥጡት የማያም። የዚህን በሽታ ስም የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የሚጠራው ግን የለም። ዓለም ከተማ ሐኪም ቤት መድኃኒት እንደሚሰጥ ሰምቷል። ግን እዚያ ተሰልፎ ቢታይ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ፈትል ያምነዋል? የሰው ምላስ ከአጋም እሾህ ይብሳል። እጅጌውን ቁልቁል ስቦ ዝም አለ።

የሚያውቀው ሚስቱ ጥሩሸዋ ብቻ ናት። ፈትል በመጣ ቁጥር በሩን ገርበብ አድርጎ ያቀብላትና "ምን ይላል?" ይላታል። እሷ ዳስሳ ትነግረዋለች፤ እሱ ይሠራል።

የጎረቤቱ ልጅ ሰርካለም ለበኩር ልጇ ባና ልታሠራ ፈትል ያመጣችው፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት በነሐሴ ነው። ጥሩሸዋ ዳሰሰችው። የአሮጊት በግ ጠጉር ነው፤ ይዋጋል። እውነቱን ብትነግረው እንደሚመልሰው ታውቃለች፤ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚቆላ ገብስ እንኳ የለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል።

"ልስልስ ያለ ነው" አለችው።

ወዳጆም አምኖ ሠራው።

ብዙም ሳይቆይ ሰርካለም ባናውን ታቅፋ ተመለሰች። "ጋሼ ወዳጆ፣ የልጄ ገላ ተላጠ እኮ! ከገበያ የገዛሁት ፈትል ነው፤ መጥፎ ቢሆን ይመልሱልኝ ነበር ብዬ አምኜዎት!" አልተሳደበችም፤ ብትሳደብ ይሻለው ነበር። ባናውን መደቡ ላይ ጥላ እያለቀሰች ወጣች።

ወዳጆ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ዋሸሽኝ?"

"ምን ላድርግ፣ እርስዎ ፈትሉን ይመልሱታል ብዬ ፈራሁ። ራብ ነው ያስዋሸኝ።"

ሊቆጣት ፈለገ፤ አቃተው። ለካ የእሷም ጭንቅ ከእሱ አያንስም።

"እንግዲህ በማርያም ይዤሻለሁ፣ አሁን እንዳትዋሺኝ" አላት። "በሽታው ፊቴ ላይስ ደርሷል? ንኪና ንገሪኝ።" ዐይኑን ጨፍኖ ጠበቀ። "ንኪኝ እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?"

 የጥሩሸዋ መዳፍ ጉንጩ ላይ ካረፈ ቆይቷል።