የጭነት መኪናው ያመጣው አንድ ብርድ ልብስ

በነገሩ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ጓድ ግርማ፣ ሮቤ አጠገብ የነበረው የመንግሥት እርሻ ሥራ አስኪያጅ። ኦቦ ከድር፣ የትራክተሮቹ ዘበኛ። በቀለ፣ ሾፌሩ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ መዝገብ ያዥና የአምስት ልጆች አባት። ጊዜው የደርግ መጨረሻ አካባቢ ነው። ዛሬም ልጆቼን ስገሥጽ ይህ ነገር ትዝ ስለሚለኝ ተግሣጼ መሃል ላይ ይቆማል።

በዚያ ዓመት ለእርሻችን አንድ ኮምፒውተር ተላከ። የሚያስተምር ሰው ግን አልተላከም። ቤዚክ የሚባለውን የማሽኑን ቋንቋ አብሮ ከመጣው መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ብቻዬን ተማርኩ። መጽሐፉ እንደሚለው ፋይል በሦስት መንገድ ይከፈታል፤ ለማንበብ፣ ለመጻፍ ወይም ለመጨመር። ማንበቡን ተውኩት፤ የሠራውን ደጋግሞ የሚያይ በራሱ የማይተማመን ነው ብዬ። መጨመሩም የትናንት ሥራውን ሳይጨርስ ላደረ ሰነፍ የተጻፈ መሰለኝና ዘለልኩት። እኔ የዕለቱን በዕለቱ እጨርሳለሁ። ስለዚህ በየማለዳው ፋይሉን ለመጻፍ እከፍታለሁ፣ ጽፌ እዘጋለሁ።

የኮምፒውተሩ የመጀመሪያ ሥራ ለሠራተኛው ብርድ ልብስ ማስመጫ የስም ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር። ሠራተኛው የሚያድረው በቆርቆሮ መጋዘን ነው፤ የሮቤ ብርድ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ጄኔሬተሩ ጠዋት ጠዋት ብቻ ስለሚሠራ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሰው እያሰለፍኩ ስማቸውን አስገባሁ። ኦቦ ከድር ሁሉም ካለቀ በኋላ በማግስቱ መጡ። በሰው ፊት ስለ ሰዓት ማክበር ረዘም ያለ ምክር ሰጠኋቸው። ከዚያ የእሳቸውን ስም ብቻውን ጽፌ ፋይሉ ያለበትን ዲስክ ለጓድ ግርማ አስረከብኩ።

ማተሚያው ያለው ጎባ ነበር። ዲስኩ ወደዚያ ሄደ፤ የጭነት መኪናችንም ታትሞ በወጣው የስም ዝርዝር ልክ ከግምጃ ቤት ብርድ ልብስ ሊጭን ተከተለ።

መኪናው ሲመለስ ሠራተኛው ሁሉ ሊያወርድ ተሰበሰበ። በቀለ የኋላውን መዝጊያ ሲከፍት፣ ወለሉ መሃል አንድ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል።

ጓድ ግርማ ሌላው የት አለ ብሎ ጠየቀው።

"ወረቀቱ ላይ ያለው ከድር ብቻ ነው" አለ በቀለ። "የግምጃ ቤቱን ሰዎች ተከራከርኳቸው። ኮምፒውተር አይሳሳትም አሉኝ።"

ኦቦ ከድር ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

"እርስዎ ያሉት ልክ ነው" አሉኝ። "ሰው በሰዓቱ መምጣት አለበት።"

ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ቢሮ ገብቼ ፋይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንበብ ከፈትኩት። ከድር ይላል፤ ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። መጽሐፉን ስገልጥ ከገጹ ግርጌ ተጽፏል፤ ፋይል ለመጻፍ ሲከፈት ውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። የወረቀት መዝገብ ሲከፈት ትናንት የቆሙበት ይገኛል። ይኼኛው ግን በየማለዳው እኔው እያዘዝኩት የትናንቱን ሲጠርግልኝ ሰንብቷል።

ሠራተኛውን እየለመንኩ እንደገና አሰለፍኩ። ፋይሉን ለመጨመር ከፈትኩና ሁሉንም ከኦቦ ከድር ስም በታች አስገባሁ። መኪናው ዳግም ጎባ ደርሶ እስኪመለስ የኦቦ ከድር ብርድ ልብስ በተራ ተለበሰ፤ እሳቸውም አልሰሰቱም። ተራ አስጠባቂው እኔ ነበርኩ።

አሁንም ሰው የዕለቱን በዕለቱ ይጨርስ እላለሁ። ነገር ግን የጻፈውን አንድ ጊዜ ያንብበው። እኔ ባለማንበቤ ሁላችንም የከፈልነው ሲደመር ይኸው ነው፤ የአንድ የጎባ ምልልስ ናፍጣ፣ የጓድ ግርማ ቁጣ፣ የሠራተኛው ብርድ፣ ለይቅርታ የገዛሁት አንድ በግ። በጉ በሚታረድበት ቀን ኦቦ ከድር ቢላዋቸውን ስለው ከሁሉም ቀድመው መጡ።