ከውጭ የሚቆለፍ ክፍል

ዛሬ እዚህ ሪያድ፣ ሙረባዕ ሰፈር ውስጥ ለጎብኚ የተከፈተ አንድ የድሮ የጭቃ ቤት አየን። አስጎብኚው ከደረጃው ሥር ያለችውን ጠባብ ክፍል «የቴምር ማስቀመጫ ናት» ብሎ አለፋት።

የበሩ መወርወሪያ በውጭ በኩል ነው። ውስጥ ግድግዳው ላይ የልብስ መስቀያ ችንካር አለ። ቴምር ልብስ እንደሚያወልቅ አላውቅም ነበር።

«ሰው ነበር የሚተኛባት?» አልኩት።

«ያላ እህቴ፣ መቃብሩ ይቀረናል።»

ከአሮጌው መቃብር አጥር ውጭ ቆመን የቤቱ ጌቶች ያረፉበትን አሳየን። «ሠራተኞቹስ የት ተቀበሩ?» ስለው ሳቀ።

«ተይ እትዬ፣ ልንዝናና ነው የመጣነው» አለችኝ አብራኝ የሄደችው ሐያት። አልተውኩም። ሰው ሁሉ እየሰማ ደግሜ ጠየቅሁት።

እስካሁን ደሜ ይፈላል። የሚያናድደኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ባሌ በሞተ ዓመት ሱለይማኒያ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ፣ አዲስ የመጣች ልጅ ክፍሏ ከውጭ ይቆለፍባት ነበር። ቁልፉን የምይዘው እኔ ነበርኩ። «እህቴ፣ ክፈቺልኝ» ትለኛለች፤ እንዳልባረር ፈርቼ አልከፍትላትም። እንግዳ ሲጠይቀኝ «ዕቃ ቤት ነው» እል ነበር።

እናንተ በምትሠሩበት ቤትስ በሩ የሚቆለፈው በየት በኩል ነው? የተቆለፈባችሁም፣ ቁልፉን የያዛችሁም ጻፉልኝ።