የፈረንጁ ጫማ

ሥራዬ ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጬ የእንግዶችን ጫማ መጠበቅ ነው። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ አንዲት ሴት መጣችና፣

«አባባ፣ በቀደም እዚህ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ በኩፍኝ ታሟል። ከውጭ ለአዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ለእኛ ተነግሮ፣ አጠገቡ የነበረውን ሰው እየፈለግን ነው» አለችኝ።

ልቤ ድንግጥ አለ። ኩፍኙን አልፈራሁም፤ በልጅነቴ ወጥቶብኝ አልፏል። የፈራሁት ስለ ጫማው ነው። ሰውየው ውስጥ ሲሳለም፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጫማውን አጥልቄ ትንሽ ተራምጄበት ነበር። ይህ ከተሰማ ከእንግዲህ ማን ጫማውን አምኖ ይሰጠኛል?

«ቀርበውት ነበር?»

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ከእሱ ጋር ምን አለኝ?»

«ዕቃውንስ ነክተዋል?»

«ጫማውን ተቀብዬ አስቀመጥኩ። ሌላ የለም።»

ያልኩትን በደብተሯ ጻፈች።

«ለመሆኑ እኔን በምን አገኘሽኝ? ስሜን እንኳ አያውቅ።»

«ፎቶዎን ልኮልን ነው» ብላ ስልኳን አዞረችልኝ።

ፊደል ባልቆጥርም ፎቶ አይጠፋኝም። ጋቢዬም፣ ዱላዬም የኔው ናቸው። ፎቶው ላይ ወደ እግሬ ዝቅ ብዬ ሳይ፣ የሰውየውን ጫማ አጥልቄ፣ ማሰሪያውን ሳይቀር አስሬ ቆሜያለሁ።