አባቴ የሚናገርበት ማውስ

አባቴ ድምፁ ከራሱ ቀድሞ ሰፈር የሚገባ ሰው ነበር። ትራንዚተር ነው፤ የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ። ከሥራ ሲመለስ ገና ባጃጅ ላይ እንዳለ ከባለሱቁ ጋር ይከራከራል፣ ጥላ ስር የተቀመጡትን ይሰድባል፣ እነሱም አይተዉትም፣ እናቴን ደግሞ ከመታጠፊያው ጀምሮ «ምሳ አለ ወይስ ልመለስ?» ይላታል። «አቦ ዝም በል፣ ሰው ተኝቷል!» ትለዋለች። በዚያ የድሬ ሙቀት በስምንት ሰዓት ከተማው በሙሉ ሲተኛ የማይተኛው አባቴ ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወደ ጎን ወደቀ። ከሆስፒታል ስናመጣው ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ የሌላ ሰው ይመስሉ ነበር፣ ድምፁ ደግሞ ጭራሽ የለም። ዶክተሯ «ሁሉንም ይሰማል፣ ሁሉንም ያውቃል፣ እንቢ ያለው ምላሱ ነው» አለችን። እንደ ምሥራች ነበር የነገረችን። ውሎ ሲያድር ግን ከበሽታው ሁሉ የከፋው እሱ ሆነ። ጠያቂ ይመጣል፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ ከዚያ ለእናቴ «ሚስኪን፣ ከእንግዲህ ምን ቀረው» ይላታል። አባቴ እየሰማ። ዓይኑን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ማዞር የሚችለው እሱን ነዋ።

በግራ እጁ እስክሪብቶ አስያዝነው። ወረቀቱን ቀደደው፤ የስልኬን ጥቃቅን ፊደላትም ጣቱ እየሳተ ተወው። ከዚያ አሮጌ ላፕቶፑ ትዝ አለኝ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ አይበራም፣ በአንዱ ጎኑ ያሉት መሰኪያዎችም ምንም አይቀበሉም፤ ግን ይሠራል። እጁን አንስቶ ቁልፎቹን ማዳረስ አይችልም፤ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ማውጣት እንደሚቻል በስልኬ ፈልጌ ደረስኩበት። ማውሱን በግራ እጁ ገፋ ያደርጋል፣ ፊደሏ ላይ ሲደርስ ጠቅ። የእንግሊዝኛ ፊደል ይነካል፣ በአማርኛ ይወጣል። መጀመሪያ ባለገመድ ማውስ ሰጥቼው ነበር፤ ገመዱ እጁ ላይ ይጠመጠምበታል፣ ራሱን ማላቀቅ ስለማይችል እንደ ታሰረ ሰው ያየኛል። ገመድ የሌለው አመጣሁለት። ጥፍር የምታክል መቀበያዋን ደህናው ጎን ላይ ሰካኋት። ደህናው ጎን ቀኙ ነው፤ የአባቴ ደህና ጎን ደግሞ ግራው።

መጀመሪያ የጻፈው ቃል «ጨው» ነበር።

አልገባንም። ጨው ምን? ቀጠለ። ላቡ ጠብ እያለ፣ አንድ በአንድ፣ «ጨው የለውም» አለን። ከሆስፒታል ከተመለሰ ጀምሮ ጨው የሌለው ሾርባ ስናጎርሰው ኖሯል ለካ፣ ዶክተሯ ከልክላ። እናቴ በአንድ እጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ቆይቼ ሳያት እያለቀሰች ነው። «ተኝተህም ታማርራለህ?» አለችው። በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

ሙቀቱ ሲበረታ ማውሱ መቋረጥ ጀመረ። አባቴ እየጻፈ ስክሪኑ ላይ ያለችው የማውሱ ቀስት በድንገት ቀጥ ትላለች። ማውሱን ይገፋል፣ አትንቀሳቀስም። ይህን የማይለመድ ነገር እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም፤ ግን ልጻፈው። አባቴ ስክሪኑን አያይም። እጁን ነው የሚያየው። ያን ጠዋት ቀኙ እንደሄደበት ግራውም የሄደ ይመስለዋል። ፊቱ ነጭ ይሆናል፣ ጉሮሮው ውስጥ «እ… እ…» የሚል ነገር ይነሳል። እኔ ከኩሽና እሮጣለሁ፦ «ማውሱ ነው አባ! እጅህ ደህና ነው! ወላሂ ማውሱ ነው!» ጣቶቹን እጨብጣቸዋለሁ፣ መልሶ እስኪጨብጠኝ ድረስ አልለቅም። ሲጨብጠኝ እንኳን ሙሉ በሙሉ አያምነኝም። በቀን ውስጥ ደጋግሞ እንዲህ መፍራት ሰውን ይጨርሳል፤ ኋላ ላይ ማውሱን ሳቀርብለት ዓይኑን ማዞር ጀመረ።

በዚህ መሐል አጎቴ መጣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ ከከተማ ወጣ ያለ ገጠር፣ ሐርላ ነው የሚኖረው፤ ከብትና ትንሽ የማሽላ መሬት አለው። ያመጣውን ወተት አስቀምጦ፣ የአባቴን ግንባር ስሞ፣ ጀርባውን ገልበጥ አድርጎ አየው። ወገቡ ላይ ቁስል ጀምሮ ነበር። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየጊዜው ካልተገለበጠ ይቆስላል። እናቴ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፣ በሺፍት። የቀን ሺፍት ሲደርሳት እኔ ከትምህርት ቤት እቀራለሁ፣ የማታ ሲደርሳት እሷ ሳትተኛ ትውላለች። ሁለታችን ተጋግዘን እንኳ እሱን መገልበጥ አንችልም፤ ትልቅ ሰው ነው።

አጎቴ ጀርባውን ሸፈነውና «ቤት እወስደዋለሁ» አለ። «እኛ ጋ ሰው ሞልቷል። ልጆቼ አሉ፣ የልጆቼ ሚስቶች አሉ። የሚያነሳው አይጠፋም።»

እናቴ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ማስተካከል ያዘች። አይሆንም አለማለቷ ነው ያስፈራኝ።

«አይሄድም!» አልኩ። እኛ ጋ ትልቅ ሰውንም አንተ ነው የምንለው፣ እንደ ድፍረት አይቆጠርም፤ ይሄኛው ግን ድፍረት ነበር። «አንተ ቤት መብራት የለም። ኮምፒውተሩ ያለ መብራት አይሠራም። በምን ይናገራል?»

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው፣ ቁጣ የለበትም። «አልሄድም ብሏል?»

«ይላል! ራሱ ይጽፍልሃል።»

«እንግዲያው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ። ይጻፍ። ቃሉ ከሆነ እኔ ምን አደርጋለሁ? ትቼው እሄዳለሁ።»

አባቴ ሁላችንንም እየሰማ ነበር። «ትጽፋለህ አይደል?» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ፤ ለእኔ አዎ ማለቱ ነው፣ ለሽማግሌ ግን የዓይን ምልክት ቃል አይሆንም። ስለዚህ እስከ ዓርብ ማውሱ መሥራት ነበረበት። ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

ባትሪ ቀየርኩ። ያው ነው። ከታይዋን ገበያ ሌላ ባትሪ ገዝቼ መጣሁ፤ የባሰ ሆነ። ከስሩ ያለችውን ቀዳዳ በጥጥ ጠረግኩ። ጠረጴዛው ስለሚያብለጨልጭ ይሆናል ብዬ የደብተር ሽፋን አነጠፍኩበት። ላፕቶፑን ተሸክሜ ጥገና ቤት ሄድኩ። ጠጋኙ ፊቴ ከፈተው፣ ማውሱን ወዲያ ወዲህ አደረገው። እንደ ቅቤ ይሄዳል።

«ይኸው! አንቺ ነሽ የተቋረጥሽው እንጂ እሱ ደህና ነው።»

«ከሰዓት ነው የሚቋረጠው። ጠዋት ይሠራል፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ እንቢ ይላል።»

«እህቴ፣ ድሬ ውስጥ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሰውም ይቋረጣል፣ ማውሱ በምን ዕዳው?» ብሎ ሱቁ ውስጥ ያለውን ሁሉ አሳቀብኝ። ከሳቀ በኋላ ግን አየልኝ፤ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ መቀበያዋን እንዳያጠፋት አንድ ነገር አስተካከለ። «ከዚህ በኋላ ከተቋረጠ ሙቀት ነው። አቀዝቅዢው» አለኝ።

ማቀዝቀዝማ እናውቃለን። በቤታችን የጋለ ነገር ሁሉ በረዶ ይደገፋል። እናቴ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ ፍሪጅ ውስጥ ድንጋይ ታደርገዋለች፤ እኩለ ቀን ላይ ላፕቶፑን ትልቁ የብረት ትሪ ላይ ታስቀምጥና ጠርሙሶቹን ጎንና ጎኑ ታቆምለታለች፣ ለቴሌቪዥኑም እንዲሁ ነው የምናደርገው። ጠጋኙ እንዲያ ሲለን ጠርሙስ ጨመርን። ከጎረቤት ፍሪጅ ጭምር ተለምኖ መጣ። ላፕቶፑ በጠርሙስ ታጥሮ አጥር ግቢ መሰለ። ማውሱ የባሰውን ሞተ። ሐሙስ ከሰዓት አባቴ አንድ ቃል እንኳን አልጨረሰም፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ፣ ወይም የተኛ መሰለ። እናቴ ጠርሙሶቹን ስትቀይር «ተይው በቃ፣ አታስጨንቂው» አለችኝ። ማንን እንደምትል አልጠየቅኳትም።

ዓርብ አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ፍራሹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አቧራው ጫማቸውን አልብሶታል። አባቴን በትራስ ደግፈን ቀና አደረግነው፣ ማውሱን ከግራ እጁ ስር አስገባሁለት። አጎቴም ሽማግሌዎቹም አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አያነቡም፤ ስለዚህ እሱ ሲጽፍ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ተስማማን።

ቀስቷ ትንሽ ሄደችና ቆመች። አባቴ እጁን አየ።

«ማውሱ ነው አባ።»

ነቅዬ ሰካኋት። ሄደች፣ ቆመች። አንዱ ሽማግሌ በኦሮምኛ ለሌላው አንድ ነገር አለ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላው «ይተኛ፣ አታድክሙት። ወንድሙ ያውቅለታል» አለ። የአባቴ ጉሮሮ «እ… እ…» ጀመረ። አጎቴ መሬት መሬት ያያል፤ እሱም አፍሯል። እኔ ማውሱን በመዳፌ እመታዋለሁ፣ እንባዬ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቷል።

ሽማግሌው ውሃ ጠየቀ። ከመንገድ የመጣ እንግዳ ቀዝቃዛ ውሃ ሳይቀርብለት በመቆየቱ እናቴ በእፍረት ብድግ አለች። ኩሽና አልሄደችም፤ ግማሹ ቀልጦ የነበረውን ጠርሙስ ከላፕቶፑ ቀኝ ጎን ብድግ አድርጋ ቀዳችለት።

ቀስቷ ዘለለች።

ትክ ብዬ አየኋት። አባቴ እጁን ሳያስበው ነካ ሲያደርግ ስክሪኑን አቋርጣ ሄደች። እናቴ ጠርሙሱን መለሰች፤ ቀጥ አለች። አነሳሁት፤ ሄደች። ጠርሙሱ የቆመው መቀበያዋ ፊት ለፊት ነበር። ሙቀት አይደለም። የማውሱን መንገድ የዘጋነው እኛው ነን፣ በዚያ ሁሉ በረዶ፣ ባቀዘቀዝነው ቁጥር ይበልጥ እየዘጋነው። ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አንስቼ መሬት ላይ አወረድኳቸው፣ ትሪውንም ከስሩ መዘዝኩት፤ ሳቄ ማቆሚያ አጣ። «ሠራ! አጎቴ ሠራ! እየው!» ሽማግሌዎቹ ውሃውን ይዘው አፍጥጠው ያዩኛል፣ ይቺ ልጅ አበደች ብለው።

አባቴ መጻፍ ጀመረ። እጁ ሳይደናቀፍ ይሄዳል። እኔ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ ፊደል በወጣ ቁጥር አነባለሁ፦ «ሐ… ር… ላ…»

ሐርላ አልሄድም። ከአፌ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፤ ቀድሜው ልጨርስለት ነበር።

«እሄዳለሁ» የሚለው ስክሪኑ ላይ ተጠናቀቀ። ቀስቷ ቆመች። በራሷ አይደለም፤ እሱ ነው ያቆማት።

«ምን አለ?» አለ አጎቴ።

ከእኔና ከእናቴ ሌላ የሚያነብ ሰው ቤቱ ውስጥ የለም። «አልሄድም አለ» ብል አጎቴ ቃሉን ይጠብቃል፣ ተነስቶ ይሄዳል። እናቴን አየኋት፤ አንብባለች፣ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች፣ ቀሚሷ በውሃ ርሷል። ለእኔ ተወችው። አባቴን አየሁት። እሱ ቀድሞ እያየኝ ነበር።

«ሐርላ እሄዳለሁ፣ ነው የሚለው» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሽማግሌው።

ጎንበስ ብዬ በጆሮው «አባ፣ እዚያ መብራት የለም እኮ። ምንም መጻፍ አትችልም» አልኩት። ማውሱን ገፋ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት፣ ወይም ለእኔ ረዘመብኝ።

«አውቃለሁ።» ቀጠለ። «ትምህርትሽ።» ከዚያ ወደ እናቴ በዓይኑ ጠቁሞ «ትተኛ» ጻፈ።

ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉ፣ እኛም አሚን አልን።

በማግሥቱ ሚኒባስ ተኮናትረው፣ ወንበር አጥፈው፣ ከነፍራሹ ወሰዱት። እናቴ ያን ቀን እስከ ማታ ተኛች፤ አፏን ከፍታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ። እኔ ትምህርት ቤት ተመለስኩ።

ትምህርት በማይኖርበት ቀን ሐርላ እሄዳለሁ። ቁስሉ ደርቋል፤ አጎቴ እውነቱን ነበር፣ የሚያነሳው አልጠፋም። ጥላ ስር ያስተኙታል፣ ከብቱን ሲያይ ይውላል። ባለፈው አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ፈተናዬ ስነግረው ግራ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ትንሽ ገፋ፣ በጣቱ መታ። ገፋ፣ መታ። መጀመሪያ ያሳከከው መስሎኝ ነበር። ፊደሎቹ ኪቦርዱ ላይ የት የት እንደሚቀመጡ በዓይነ ሕሊናዬ ዘርግቼ ተከተልኩት። መጀመሪያ የነካት «መ» ትመስለኛለች። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋብኝ። እንደገና ጀመረልኝ፣ በዝግታ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። እንደገና ጠፋብኝ።

«እሺ አባ» አልኩት፣ የገባኝ መስዬ።

እጁን አቆመ።